የአማቱ ሞተር

«ኬኩ ራሱን እየነቀነቀ ነው» አለች ሚስቱ ከኋላ ወንበር።

መካኒኩም ራሱን እየነቀነቀ ነበር፤ ወዶ ግን አይደለም። መሪው እጁን፣ እጁ ትከሻውን፣ ትከሻው ጥርሱን ያንገጫግጩታል። ከጎኑ የተቀመጡት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ አንድ እጃቸውን በሩ ላይ፣ አንዱን ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ላይ አድርገው በጎን ያዩታል። የአማት ዓይን ደግሞ ከስድብ ይከፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሮጌዋ መኪናው ሞተር ነክሶ፣ አልዞርም ብሎ ከቆመ ቆየ። ሰውየው የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ሥራ መፍታት አይችልም። አማቱ የጎመን ማሳቸውን የሚያጠጡበትን ፓምፕ ለጥገና ቢያመጡለት፣ ሞተሩን ጠገነና «እስቲ ለሙከራ» ብሎ መኪናዋ ላይ ገጠመው። ሙከራው ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ ፒስተኑ አንድ፣ እሳት የሚጭርለት ካንዴላም አንድ። ጓደኞቹ ሲስቁበት፣ አራት ሲሊንደር ማለት አራት በሽታ ነው፣ የኔ ቢታመም በሽታው አንድ ብቻ ነው እያለ ይከራከራል። ንዝረቱ እንዲበርድ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ከሥሩ አነጠፈለት። ፒስተኑ በማይገፋበት ጊዜ ሞተሩን የሚያሽከረክረውን ቮላኖ የሚሉትን የብረት መንኮራኩርም በከባድ ቀየረለት። መንቀጥቀጡ ግን ወይ ፍንክች!

ሚስቱ ኬክ ጋጋሪ ናት። የዛሬው ባለ ሦስት ደርብ ኬክ ለአዲሱ ሆቴል ነው፤ ሳይጎዳ ከደረሰ በየሳምንቱ ሊያዝዟት ቃል ገብተውላታል። በታክሲ ልውሰደው ብትል ባል ሆዬ አኮረፈ። መኪና በደጃችን ቆሞ ሰው ምን ይለናል አለ። አማቱ ደግሞ በጠዋት ሞተራቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነበር፤ ጎመኑ እየጠወለገባቸው ነው። መንገድ ላይ እንነጋገራለን ብሎ እሳቸውንም ጫናቸው።

«አቁመው» አለች ሚስቱ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። ከእንባ ይሁን ከሞተሩ አልለየም። «የላይኛው ሸርተት ብሏል።»

አጠፋው። ዞር ሲል የላይኛው ደርብ እንደ ሰካራም ባርኔጣ ጋደል ብሏል፤ ሚስቱ በሁለት እጇ ደግፋ ይዛዋለች። ሌሊቱን ስትለፋበት ያደረችው ኬክ ነው። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮም አያውቅ።

ሆቴሉ ከፊታቸው ለጥ ካለው መንገድ ጫፍ ይታያል። ሚስቱ እጇን ከለቀቀች ኬኩ ይወድቃል፤ ስለዚህ መውረድ አትችልም። ሞተሩን ላስነሳው ቢል አማቱ ገላመጡት። መሪውን እሳቸውን አስይዞ ከኋላ ይገፋ ጀመር። ገፋ፤ ተነፈሰ። ደግሞ ገፋ፤ ተነፈሰ። መኪናዋም ዘለል፣ ቆም፣ ዘለል፣ ቆም አለች።

«አንተም እንደ ሞተርህ ነህ» አለችው ሚስቱ በመስኮት።

ይህን ያየ ሥጋ ሻጭ ሽርጡን እንዳገለደመ ከመንገድ ዳር ሱቁ ወጣ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይም ደንበኛውን በግማሽ ጢሙ ትቶ መጣ፤ ደንበኛውም ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ተከተለው። አራት ሆኑ። ቆጥረው እኩል ቢገፉ መኪናዋ እንደ ፌንጣ ዘለለች።

አማቱ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «እናንተ ልጆች፣ እኩል ገፍታችሁ እኩል የምታርፉት ምን ሆናችሁ ነው? ተራ ግቡ እንጂ። አንዱ ሲተነፍስ አንዱ ይግፋ።»

ተራ ገቡ። መኪናዋ እንደ ጀልባ ለስለስ ብላ ሄደች። መካኒኩ ነገሩን ድሮም ያውቀዋል፤ ለስንቱ አስረድቷል። አንድ ፒስተን አንዴ ከገፋ በኋላ ጭሱን ሊያስወጣ፣ አየር ሊስብ፣ ሊያምቅ ሲል መግፋቱን ይተዋል። አራት ሲሆኑ ግን ሁልጊዜ አንዱ ይገፋል። ማወቁንስ ያውቃል፤ በገዛ ወገቡ ሞክሮት ግን አያውቅም።

«እማማ» አለ እያለከለከ፣ «ፓምፑ ላይ ሳለም እንዲህ ያንቀጠቅጥ ነበር?»

«መሬት ላይ ተቸንክሮ የት ይደርሳል ብለህ ነው? አንድ ጉልበት ለጎመን ይበቃል፤ ለሰው ነው የማይበቃው።»

ኬኩ ደረሰ። ሚስቱ ሆቴሉ ወጥ ቤት ገብታ የላይኛውን አቃናች፤ ስንጥቁን በክሬም ሸፈነች። ወድደውላት ለመጪው ሳምንትም አዘዙ። ፊቷ በርቶ ወጣች፤ ባሏንና መኪናዋን ስታይ ግን ጨለም አለ።

«ቀጣዩን በምን ላመጣው ነው?»

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሞተሩን በሸሚዙ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣው። ከዚያ መንገዱ ዳር ቆመና እጁን ለታክሲ ዘረጋ።

አማቱን ከፊት አስቀመጠ፤ እሱ ከሚስቱ ጋር ከኋላ ገብቶ ሞተሩን ጭኑ ላይ አደረገ። ባለታክሲው ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀ።

«መጀመሪያ የእማማ ጎመን ማሳ አድርሰን» አለ መካኒኩ።

ታክሲው ተነሳ። ትንሽ እንደሄዱ አማቱ እጃቸውን ከጥርሳቸው ላይ አነሱ።