ጎትተህ ልቀቅ

«አትግፋው አልኩህ!» አናጢው የመጋዙን እጀታ ለቀቀና ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። «የሁለት ሰው መጋዝ አይገፋም። አንተ ትጎትታለህ፣ ትለቃለህ፤ ከዚያ እኔ እጎትታለሁ። ሌላ ምን አለው?»

«እያገዝኩህ እኮ ነው» አለ ሾፌሩ።

«አታግዘኝ! ሲገፉት ይጎብጣል!»

ይህ የየዕለቱ ጸሎታቸው ሆኗል። የመንደሩ ጤና ባለሙያ ቤታቸውን ዘግተው የሚውሉትን ወንዶች ሰብስባ አሮጌውን የወተት መረከቢያ ቤት ወርክሾፕ ስታደርገው፣ አናጢውን «እርስዎ ብቻ ያሳዩዋቸው» ብላ ለምና ነበር ያመጣችው። እሱም ራሱን ከአሳዪዎቹ እንጂ ከተሰበሰቡት ቆጥሮ አያውቅም። ከሁሉም ደግሞ ለእሱ የደረሰው ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዕድሜ ልኩን መሪውን ሌላ ሰው አስነክቶ የማያውቅ ሰው መልቀቅን ከየት ያምጣው? ለአግዳሚ ወንበር የታሰበው ግንድ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል።

ዛሬማ ሊያባርረው ቆርጦ ነበር ከቤቱ የወጣው። ግን ሾፌሩ በር ላይ ጠብቆ ክንዱን ያዘው።

«ልጄ ዛሬ ትመጣለች። ብቻህን ተዘግተህ ከምትውል ከተማ ወስጄ እኔ ጋ አኖርሃለሁ ብላለች። አራተኛ ፎቅ! እዚህ ሥራ እንዳለኝ ካላየች ጓዜን ትጠቀልላለች። ወንድሜ፣ በሞቴ።»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? አናጢው ጥርሱን ነክሶ አንዱን እጀታ አስያዘው፤ ይኸው እንግዲህ።

ልጅቷ ረፋዱ ላይ ደረሰች። ግንዱን አየች፤ ከዚያ አባቷን አየች።

«አባዬ፣ እውነት እዚህ ታስፈልጋለህ? ወይስ እኔን ልትሸውደኝ ነው?»

«እኔማ ዛሬውኑ በሄድኩ» አለ ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሱ ዝቅ ያደረገውን ድምፅ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይሰማዋል። «ይሄ ምስኪን አሳዘነኝ እንጂ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰው የለውም። እኔ ካልመጣሁ በማን ላይ ይጮኻል?»

የሌሎቹ ወንዶች መዶሻ ሁሉ ቆመ። አናጢው ደሙ ፈላ። ምስኪን! እሱ! አፉን ከፈተ፤ ግን «ውሸት ነው» ቢል ሰውየው በማግስቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ልጅቷ ወደ እሱ ዞረች። «እውነት ነው አባባ?»

«እውነት ነው» አለ በጥርሱ መካከል።

«ውይ፣ አይዞዎት!» ይባስ ብላ እጁን ያዘችው። «እራትስ የሚበሉት ብቻዎን ነው?»

ምን አገባሽ ሊላት ነበር። ግን ትናንት ማታ ምድጃው አጠገብ ቆሞ፣ ሳህን እንኳ ሳያወጣ ከድስቱ እየጨለፈ መብላቱ ትዝ አለው። ከትናንት ወዲያም እንደዚያው ነበር።

«ብቻዬን ነው!» ብሎ ጮኸ። ይህችን ግን ለሾፌሩ ብሎ አልነበረም ያላት።

ሾፌሩ ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየው። «እንግዲያው እሑድ እኔ ጋ ትመጣለህ» አለ። «ወጡን እኔ እሠራለሁ፤ አንተ እጅህን እንዳታስገባ።»

«ጨው ታበዛለህ አንተ» አለ አናጢው። «ታስታውቃለህ።»