ከአገጭ በታች

3.

ኤጭ!

ከቁጥር ሦስት የጀመርኩት አንድና ሁለት ስለጠፉ ነው። አታፍጥጥብኝ። እኔም ያገኘሁት እንዲህ ነው። ከተደመሰሰ የካሜራ ካርድ ላይ ፎቶ የሚመልሰው ፕሮግራም መጀመሪያ የሰጠኝ ፋይል ቁጥሩ ሦስት ነበር። ስከፍተው የአንድ ሰው ጉንጭ ነው። በቅባት የወዛ፣ ቁርጥ ሥጋ የወጠረው፣ ዓይንም ግንባርም የሌለው ጉንጭ። የማን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት። የጋሽ ውባንተ ነው።

ስድስት መቶ አሥራ አንድ ፎቶ አጥፍቼ መጀመሪያ የተመለሰልኝ ይሄ ነው!

4.

መንገሻ እባላለሁ። ቡሬ ከተማ፣ መናኸሪያው ጀርባ ፎቶ ቤት አለኝ። ሠርግ አነሳለሁ፣ ክርስትና አነሳለሁ፣ ልቅሶም አነሳለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ የቀፈፈኝ ሥራ ግን የለም።

ሦስት ሰው ብቻ ያዝልኝ፤ ከዚያ በላይ አላሸክምህም። (ሴት ከሆንሽም ቻይኝ፣ ስናደድ «አንተ» ነው የሚቀናኝ።) እማማ እናኑ እናት ናቸው። ጋሽ ውባንተ የበኩር ልጃቸው፣ የእህል ነጋዴ ነው። ትሁኔ የመጨረሻ ልጃቸው፣ ሙሽራዋ።

ትሁኔ እሁድ ተዳረች። እማማ እናኑ ሐሙስ ሞቱ፤ ደም ግፊት ነው አሉ። ዓርብ ተቀበሩ። የሠርጉን ፎቶ ያጠፋሁት ዓርብ ዕለት፣ ልቅሶው መሃል ቆሜ ነው።

5. እንዴት እንደሚጠፋ (ራስህ ሞክረው)

ሀ. ለሠርግ ሥራ ያሰፋኸውን የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ኮት ልበስ። ደንብህ ይሄ ነው፦ ፎቶ ያለበት ካርድ በግራ የውስጥ ኪስ፣ ኮምፒውተር ገብቶ ያለቀለት በቀኝ።

ለ. ሳምንቱን ሙሉ መብራት ይጥፋብህ። የሠርጉ ካርድ ኮምፒውተር ሳይገባ ግራ ኪስህ ውስጥ ይክረም።

ሐ. ሰው ይሙት። ሌላ ኮት የለህም። ልቅሶ ቤት እንዲህ አሸብርቆ መግባት ነውር ነው። የኮቱ ገበር ግን ጥቁር ነው። እሰይ! ገልብጠህ ልበሰው።

መ. የተገለበጠ ኮት ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ይህን አታስብ።

ሠ. እጅህን ወደ ቀኝ ኪስህ ስደድ። ያገኘኸውን ካርድ ካሜራው ውስጥ ክተት። ካሜራው «ሞልቷል» ይልሃል። «አዎ፣ ያለቀለት ነው» በል። ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ተጫን። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል።

እርግጠኛ ነህ።

ረ. ከዚያ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ የልቅሶ ቪዲዮ ቅረጽበት።

6.

ካርድ ላይ የጠፋ ፎቶ በአንድ ጊዜ አይሞትም። ሌላ ነገር በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል፤ የሚቀሰቅሰው ካገኘ ይነሳል። እኔ ግን ጻፍኩበት። በእማማ እናኑ ፊት ላይ የልጃቸውን ልቅሶ ጻፍኩበት።

ምን ዓይነት ልቅሶ መሰለህ? ጋሽ ውባንተ ነው ቅረጽ ያለኝ። «ያልደረሱ ዘመዶች ይዩት፣ እናታችንን እንዴት እንደሸኘናት ይወቁ» አለ። ከዚያ «እናቴን! እናቴን!» እያለ መሬት ላይ ተፈጠፈጠ፤ አራት ሰው አነሳው። ትንሽ ቆይቶ አቧራውን እያራገፈ ወደ እኔ ተጠጋ።

«ስወድቅ ቀርጸኸኛል?» አለኝ፣ በጆሮዬ።

«ሰው ከለለኝ ጋሼ።»

«በል ተዘጋጅ፤ ቀባሪው ሳይበተን ልድገመው።»

ደገመው።

7. (በሠልስቱ ማግስት፣ ፎቶ ቤቴ)

ጋሽ ውባንተ፦ መንጌ፣ ለአርባዋ ትልቅ ፎቶ እፈልጋለሁ። ድንኳኑ በር ላይ የሚቆም። ከሠርጉ መርጠህ አውጣልኝ።

እኔ፦ መብራት የለም ጋሼ፤ ሲመጣ አየዋለሁ።

ጋሽ ውባንተ፦ ይምጣ፣ ችግር የለም። ብቻ ያንን ነገር ታነሳልኛለህ።

እኔ፦ የቱን ነገር?

ጋሽ ውባንተ፦ አንተ ደግሞ! አንገቷን ነዋ።

8.

እማማ እናኑ እንቅርት ነበረባቸው። ትልቅ ነው፤ ከአገጫቸው ሥር ጀምሮ ደረታቸውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ገበያ ሲወጡ በነጠላ ይሸፍኑታል፣ ቤታቸው ሲገቡ ይገልጡታል። የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ እንኳ እስከ ከንፈራቸው ተከናንበው ነው የተነሱት። ከዚያ ሌላ ፎቶ አልነበራቸውም።

የሠርጉ ዕለት ጧት ጋሽ ውባንተ ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ወሰደኝ። «የሙሽራው ወገኖች ከተሜ ናቸው፤ ነገ ፎቶውን ለሰው ሁሉ ነው የሚያሳዩት። እናቴን አታስገባብኝ። የግድ ከገባችም አንገቷን ትሸፍን» አለኝ።

የገዛ እናቱን! ያጠባችውን! በልቤ ተፋሁበት።

በአፌ ግን «እሺ ጋሼ» አልኩት።

9.

እዚህ ቁጥር ላይ ራሴን የማጸዳበት ጥሩ አንቀጽ ጽፌ ነበር። አጠፋሁት። እሱን የሚመልስ ፕሮግራም አትፈልግ።

10.

ትሁኔ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ የእጇ ሂና ግን ገና አልለቀቀም። ጥቁር ልብስና የሙሽራ እጅ አንድ ላይ ሳይ መዋሸት አቃተኝ። ካርዱን እንዳጠፋሁት፣ ኮቴን እንደገለበጥኩ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር።

«የሠርጌ ፎቶ ገደል ይግባ» አለችኝ። «እናቴን ብቻ ፈልግልኝ፣ ጋሽ መንገሻ። እንዳለች። ከነአንገቷ። ልጅ ሆኜ እሱን ካልያዝኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ይሞቃል። ስትተነፍስ ከፍ ዝቅ ይላል። ስታወራ ደግሞ ድምጿ እዚያ ውስጥ ሲያልፍ በእጄ ይሰማኝ ነበር።»

የትዕዛዝ ቅጽ ሳብኩና ስሟን ጻፍኩበት።

«አንድ ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። የሠርጌ ዕለት ጧት እየሳቀች ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ተከናንባ ጓሮ ገባች፤ ‹ነይ አጠገቤ ቁሚ› ስላት እንኳ አልመጣችም። እስክሸኝ ድረስ ፊቷን አላየሁትም። ምን አድርጌያት ነው? ተቀይማኝ ነው እንዴ የሞተችው?»

«ኧረ በፍጹም!» አልኳት።

ለምን እንደሸሹ ባውቅም አልነገርኳትም።

11. የትዕዛዝ ቅጽ

የደንበኛው ስም፦ ውባንተ
የሚፈለገው፦ የእናት ፎቶ፣ ትልቅ
ማሳሰቢያ፦ እንቅርቱ ይውጣ። ነጠላው ይንጣ። ፈገግታ ከሌለ ፈገግታ ይጨመር።

የደንበኛዋ ስም፦ ትሁኔ
የሚፈለገው፦ እናቴ
ማሳሰቢያ፦ እንዳለች።

12.

መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙን ለቀቅሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያላምጥ ዋለ። ከስድስት መቶ አሥራ አንዱ ሠላሳ ስምንት ተፋልኝ። እማማ እናኑ ያሉባቸው እነዚህ ናቸው፦

47፦ ትሪ የያዘ እጅ። ክንዱ ላይ ተቆርጧል።

102፦ ከሙሽራው አክስት ትከሻ ጀርባ፣ የነጠላ ጫፍ።

103፦ ያው ነጠላ፤ የጋሽ ውባንተ ክርን ሲገፋው።

392፦ ጀርባ። ወደ ጓሮ የሚሄድ።

393፦ ያው ጀርባ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ።

እነዚህን የቆራረጣቸው የካርዱ ብልሽት መስሎህ ይሆናል። ለእኔም መስሎኝ ነበር። ደጋግሜ አየኋቸው። ፎቶዎቹ ሙሉ ናቸው፤ አንድ ነጥብ አልጎደላቸውም። ሴትዮዋን የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ፣ ሳነሳ፣ በዓይኔ እየለካሁ።



13.

ቁጥር 88።

እዚህኛው ላይ ግን አሉ። ነጠላቸው ተንሸራቶ ወድቋል፤ ትሁኔ ስትጨፍር አይተው አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ጧት ነው፣ ገና ማንም ምንም ሳይላቸው። ግንባራቸው ጥርት ብሏል። ዓይናቸው ጥርት ብሏል። የጎደለው ጥርሳቸው ሳይቀር ይታያል።

ከአገጭ በታች ግራጫ ነው።



ግራጫ።*



* ፋይሉ እዚህ ላይ በሌላ ተጽፎበታል። በምን እንደተጻፈበት ማወቅ አይቻልም። እኔ ግን ጋሽ ውባንተ ለሁለተኛ ጊዜ የወደቀበት ደቂቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

14.

ጋሽ ውባንተ፦ እሰይ! እሰይ መንጌ! ሥራ ማለት ይሄ ነው። ሙልጭ አድርገህ አነሳኸው እኮ!

እኔ፦ እኔ አይደለሁም ጋሼ። ተበላሽቶ ነው። አንገት የላቸውም።

ጋሽ ውባንተ፦ እሱ ምን ችግር አለው? የሚስቴን አንገት ወስደህ ለጥፍበት። የወርቅ ሐብሏም አለበት፣ ያምራል።

ወደ ጓሮ ወጥቼ ተፋሁ። ተመልሼ ስገባ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ የእናቱን ግማሽ ፎቶ በስልኩ ያነሳል።

15.

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። እስካሁን የሰው ሳማስል ነው የቆየሁት። የእኔ ድስት ይኸውልህ።

ቁጥር 391 ፎቶ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ቪዲዮ ነው። የሠርጉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ካሜራው ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሳላውቀው ቁልፉ ተነክቶ የቀረጸው ነው። የሚታየው የኔ ጫማና የእማማ እናኑ እግር ብቻ። ለሠርጉ የተገዛላቸው ጫማ ጠቧቸው ተረከዛቸው በስተኋላ ወጥቷል። ድምፁ ግን ኩልል ያለ ነው።

እኔ፦ እማማ፣ ነጠላዎን ወደ ላይ ሳብ ያድርጉልኝማ። አንገትዎን ይሸፍኑት።

እማማ እናኑ፦ ምነው ልጄ?

እኔ፦ ለፎቶው ነው።

እማማ እናኑ፦ ማን አለ? ውባንተ ነው?

እኔ፦ (ዝም)

እማማ እናኑ፦ ትሁኔ ናት?

እኔ፦ አዎ፣ ሙሽራዋ ናት።

እማማ እናኑ፦ እሷ ናት?... ይሁን እንግዲያ። ደስ ይበላት።

እግሮቹ ይዞራሉ። ይሄዳሉ።

16.

ለምን «አዎ» አልኩ?

ፀሐይዋ እያዘቀዘቀችብኝ ነበር። ውባንተ ነው ብላቸው ይቆጣሉ፣ ነገር ይነሳል፣ ሥራዬ ይስተጓጎላል። ለትሁኔ ግን እምቢ እንደማይሉ አውቃለሁ። ይኸው ነው። ሌላ ጥልቅ ምክንያት አትቆፍር፣ የለም።

ድምፄን ሰማሁት። ለስላሳ ነው። ቅቤ የጠጣ። በልቤ የተፋሁበት ውባንተ እንኳ በገዛ አፉ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን የልጅቷን ስም ተውሼ እናቷን አባረርኩ። ጠላሁት ይሄን ሰውዬ። አፉን ብዘጋው ደስ ባለኝ።

እጄ ወደ ቁልፉ ሄደ። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ፤ እዚያ የነበርን ሁለት ነን፣ አንደኛዋ አፈር ገብተዋል። አንዴ ብጫነው አለቀ። ኮምፒውተሩ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ እርግጠኛ ነህ ወይ?

አንተስ ብትሆን? አትዋሸኝ።

17.

ትሁኔ መጣች። የታተመውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ብዙ አየችው። ከዚያ ሂናው የደበዘዘ ጣቷን አንስታ ግራጫው ላይ፣ አንገቱ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ አሳረፈችው፤ እዚያው አቆየችው።

«ይቀዘቅዛል» አለች።

«ወረቀት ነው እህቴ።»

«ሌላ የለም?»

«የለም።»

«ድምጿስ? ቪዲዮ ታነሳ አልነበር?»

ወደ በሩ ዞርኩ። ዓርብ ገልብጬ የለበስኩት ኮት በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ አሁን በቀናው ነው።

«ጋሽ መንገሻ፣ ፊትህ ምን ሆነ?»

«አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ አለ» አልኳት። «ተቀይማኝ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱ እዚያ ውስጥ አለ። ከሰማሽው በኋላ ግን የምትጠይው ሰው እኔን ይሁን፤ ራስሽን እንዳትጠይ።»

የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋት። ወንበር ስስብላት አልተቀመጠችም። ቆማ አጠለቀችው። ከፈትኩላት።

ቁጠር።



አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት።



18.

ትሁኔ ማዳመጫውን አወለቀች። አላለቀሰችም። ሽቦውን በጥንቃቄ ጠቅልላ ፎቶው ላይ፣ ከአገጭ በታች አስቀመጠችው። ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝና እንዲህ አለችኝ፦



19.

ይሄኛው አልጠፋም፤ ያለችኝ የእኔ ስለሆነ ባዶውን ተውኩት።