የሚሟሟው ክር

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ። እኔ ሃያ ዓመት አፍ ሳስከፍት ኖሬ ያየሁት ጥርስና ድድ ብቻ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሰው ሁሉ ዶክቶራ ይለኛል እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ከሁመራ የተሰደድኩ የጥርስ ነርስ ነኝ። ደግሞ ግትር ነኝ። ሰው አፍ ውስጥ የሚገባውን ዕቃ ሁሉ አስቀድሜ ለባለቤቱ አሳያለሁ፤ ይህ ድድ የሚይዝ ወረንጦ ነው፣ ይህ መርፌ መያዣ ነው፣ ይህ መቀስ ነው እላለሁ። አብራኝ የምትሠራው ራሒማ ትስቅብኛለች፤ ከማደንዘዣው በፊት በወሬ ታደነዝዥዋለሽ ትለኛለች። እኔ ግን ሰው አፉ ውስጥ የሚገባውን ማወቅ አለበት ባይ ነኝ።

ዓለምነው የመጣው ፍልሰታ በገባ በአምስተኛው ቀን ነው። የመተማ ሰው ነው፤ ዶካ ከምትባል ከተማ አጠገብ ሰሊጥ ያርማል። በዋዜማው አንድ የገበያ ጥርስ ነቃይ የታች መንጋጋውን በጉጠት ሲነቅልለት ድዱን ተርትሮት ነበር። ደሙ ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ጨርቅ ነክሶ በጭነት መኪና መጣ፤ ከንፈሩ ነጥቷል፣ ሲቆም ይንገዳገዳል። ጎዝ፣ ንጹሕ የቁስል ጨርቅ፣ አስነክሼ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። መስፋት ነበረብኝ።

መሣሪያዎቹን እንደ ልማዴ አሳየሁት። አነጋገሬ ከየት እንደመጣሁ ይናገራል፣ የሱም እንዲሁ፤ በእሱና በእኔ አገር ሰዎች መካከል የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። እንደዚያም ሆኖ አፉን ከፈተልኝ። ክሩ ጋ ስደርስ ግን እጄን ያዘኝ።

«ይኼ ክር ከምንድን ነው? ካንጀት የሚሠራ አለ አሉ።»

ከሰላ ከተማ ሆዱን የተሰፋ ጓደኛው ነግሮት ኖሯል። ዓለምነው በሱዳን ሦስት ክረምት ሲሠራ እስላም ያረደውን ሥጋ ቀምሶ አያውቅም፤ ሃይማኖቱ አይፈቅድለትም። አሁን ደግሞ ጾም ነው። አንጀት ከሆነ ይቅርብኝ አለ፣ የምሩን ነበር። የሐር ክር የሱዳኑ ጦርነት መንገዱን ከዘጋ ወዲህ አልቆብናል። በእጄ ያለው ከከብት አንጀት የተሠራ፣ አፍ ውስጥ ራሱ ሟምቶ የሚጠፋ ክር ነው።

ደሙን አየሁት።

«ሐር ነው» አልኩት።

ራሒማ ቀና ብላ አየችኝና መቀሱን አዘጋጀች። መርፌውን በመያዣው ጨብጬ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ራቅ አድርጌ አስገባሁት፤ የእጄን አንጓ ብቻ አዙሬ በወዲያኛው ጠርዝ አወጣሁት። ክሩን በጉድጓዱ ላይ አመሳቅዬ ቋጠሮውን ከቁስሉ ወደ ጎን አሳረፍኩ። ቆንጆ ስፌት ነበር፤ ደሙ ቆመ። ውሸቴ እንዳይነቃ ሌላ ጨመርኩበት፤ ሐር መውጣት ስላለበት በሳምንቱ ና አልኩት። ክረምቱ መንገዱን ጭቃ እያደረገው ስለነበር እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ በሦስተኛው ቀን ረሳሁት።

በሳምንቱ መጣ። መኪና በጭቃው ስለማያልፍ ከሁለት ቀን በላይ በእግሩ ተጉዞ፣ እስከ ጉልበቱ ተለውሶ፣ አንገቱን ደፍቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አትቆጭኝ ዶክቶራ» አለ። «ክሩን ጣልሁት። ስበላ ተጠንቅቄ ነበር፤ ባምስተኛው ቀን ግን ምላሴ ፈልጎ አጣው።»

አፉን አየሁ። ድዱ ገጥሟል፣ ክሩ የለም። ግድ የለም፣ ድነሃል ብዬ ልሸኘው እችል ነበር፤ ራሒማም በዓይኗ ያንኑ ነበር የምትለኝ። ነገር ግን ይህ ሰው በዚያ ጭቃ የመጣው ላላጠፋው ጥፋት ይቅርታ ሊለኝ ነው። አፈርኩ። አንጀት መሆኑን፣ ሐር እንዳልነበረኝ፣ ደሙ እንዳስፈራኝ ሁሉንም ነገርኩት።

ስፌቱ የነበረበትን ጉንጭ በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ ደሙ ባይቆም ይሞት እንደነበር ጠየቀኝ። ምናልባት አልኩት፤ ይህኛው እውነት ነበር።

«ብትነግሪኝ እምቢ እል ነበር» አለ። «እምቢታዬ ግን የኔ ነበረች። ምናልባት ብትለምኚኝ እሺ እል ነበር፤ እሱንም ወሰድሽብኝ።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስለዳነ አመስግኖኝ ተነሣና በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«ለንስሐ አባቴ መናገሬ አይቀርም። ሁለታችንንም በጸሎት እንዲያስቡን ነው። የክርስትና ስምሽ ማነው?»

እዚህ አገር ከመጣሁ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«ወለተ ሃይማኖት» አልኩት።

እንዳይረሳው እየደጋገመ ወደ ጭቃው ወጣ።