የቢያንካ ቁንጫ

ጎረቤቴ ተሰማ ሰውን ሁሉ «አንተ»፣ «አንቺ» እያለ የሚያመናጭቅ፣ ውሻን ግን «እርስዎ» የሚል ሰው ነበር። የመንገዱን ውሻ አይደለም፤ የጣሊያኑን ሻለቃ ውሻ፣ ቢያንካን ነው። ሻለቃው ወደ ጎጃም ሲዘምት «እስክመለስ ጠብቅልኝ» ብሎ ትቶለት ሄዷል። ተሰማም አደራውን እንደ ሹመት ቆጠረው። ጠዋት ጠዋት በአጥራችን ቀዳዳ «ቢያንካ፣ እንደምን አደሩ? ወተትዎን ጠጡ?» ሲል እሰማለሁ። ሚስቱን ቦሰናን እንደምን አደርሽ ያለበትን ቀን ግን አልሰማሁም።

ቢያንካ ጠጉሯ የተንዠረገገ፣ ከድመት ብዙም የማትበልጥ ነጭ ውሻ ናት። ከሩቅ ሲያዩዋት ታምራለች። ጠጋ ብለው ሲያዩዋት ግን ጠጉሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ ወለተሰንበት ልደታ ተወልጄ ልደታ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ቁንጫ አላውቅም ብል ማርያም ትታዘበኛለች። የቢያንካ ቁንጫ ግን የባሰበት ነው። የኛው እንኳ አፍሮ ጨለማ ጠብቆ ይነክሳል፤ የእሷ እንደ ጌቶቿ በጠራራ ፀሐይ ነው። ይህን ለተሰማ የነገረው ሰው ወዮለት።

«የሮማ ውሻ ቁንጫ አያውቃቸውም! ከእናንተ ተጋብቶባቸው ነው!» ይላል። ይህን ሲል አንዱን እግሩን በሌላው እያከከ ነው።

ቤቱ የእሱ አይደለም፤ የቦሰና ነው። አባቷ ባሻ ወልደ ሚካኤል ናቸው ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ጣራውን ቆርቆሮ፣ ወለሉን ጣውላ፣ መስኮቱን መስታወት አድርገው የሠሩት። እንጨቱን ከመናገሻ በአህያ እያስጫኑ፣ ከአናጢው ጋር እየተጨቃጨቁ፣ ራሳቸው ቆመው አሠርተው ለአንድ ልጃቸው አወረሷት። ተሰማ ሲያገባት ጃንጥላና ሳጥን ይዞ ገባ፤ ከገባ ጀምሮ ደግሞ «ቤቴ» ይላል። ቦሰና ስቃ ታልፈው ነበር።

ያን ዓመት ጣሊያን በሰፈራችን ደህና ደህናውን ቤት ለራሱ ሰዎች መውሰድ ጀመረ። ባለቤቱን «ወደ አገሬው ሰው ሰፈር ሂድ» ብሎ ጓዙን አሸክሞ ይሰደዋል። ቤቱን የሚመርጠው ካልሲውን እስከ ጉልበቱ የሚስብ ቀይ የጤና ሹም ነው። ተኽላይ ከሚባል አስተርጓሚው ጋር ቤት ለቤት ይዞራል፤ የወደደውን ያስለቅቃል። ኮርቻ ሰፊው ገረሱ ቤት የገባ ዕለት ግን የገረሱ ቁንጫ ካልሲው ውስጥ ገባችለት። ሹሙ እየዘለለ ወጣ፤ «ይህስ ለሰው አይሆንም» አለና ጥሎት ሄደ። ከገረሱ ግራና ቀኝ የነበሩትን ንጹሕ ቤቶች ግን ወዲያው ወሰዳቸው።

ይህን ካየን በኋላ በሰፈራችን ቤት መጥረግ ነውር ሆነ። ወለል በእበት መለቅለቅ ቀረ፤ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማውጣትማ እንደ ክህደት ተቆጠረ። አቧራውን አቅፈን ተቀመጥን። ቁንጫው ግን እንደፈለግነው አልመጣም። ዕድሜ ልካችንን ስናሳድደው ኖረን፣ ስንለምነው ኮራብን።

መላውን ያመጣችው ቦሰና ናት። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ጠራችኝና፣

«እትዬ፣ ቢያንካን ይውሰዷት። አጎዛዎ ላይ አስተኝተው ያውሏት፤ ማታ ይመልሱልኛል» አለችኝ።

«ተሰማስ?»

«እሱን ለኔ ይተዉት።»

ለተሰማ «ሰፈሩ ቢያንካን ካላስተናገድን እያለ ነው» ብላ ነገረችው። እሱም ደረቱን ነፋ። «ዛሬ ገና ሠለጠናችሁ» አለን። ውሻዋን ራሱ አቅፎ በሬ ድረስ አመጣልኝ፤ ወተት እንዳልነፍጋት፣ ድምፄን ከፍ እንዳላደርግባት አስጠንቅቆኝ ሄደ። ቢያንካ አጎዛዬ ላይ ስትንከባለል ዋለች። ውሻ ነክቶኝ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ብዬ የወሩን ልደታ ከደጅ ተሳልሜ ተመለስኩ፤ ቤቴ ግን ዳነ። ከኔ ገረሱ ወሰዳት፤ የራሱ ያነሰው ይመስል። ማዶ ያለችው ዘይቱና በሃይማኖቷ ውሻ ቤት አታስገባም፤ ስለዚህ ጆንያ ልካ ቢያንካ እንድትተኛበት አደረገችና ጆንያዋን በእንጨት አንጠልጥላ ወስዳ ምንጣፏ ሥር ደፋችው። እንዲህ እያለ የሻለቃው ቁንጫ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ።

የቦሰና ሐሳብ የራሷንም ቤት በዚሁ ማዳን ነበር። ተሰማ ግን ሌላ ሕልም አለው። የሰፈሩ ካፖ መሆን ይፈልጋል፤ ካፖ በእነሱ ቋንቋ አለቃ ማለት ነው። ሹሙ እንደገና ወደኛ መንደር ሊመጣ ነው መባሉን ሲሰማ «ቁንጫ ከቤቴ ይውጣ!» ብሎ አወጀ። ቦሰና እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት፤ በአጥሩ በኩል ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ተው፣ የሚወስዱት ንጹሑን ነው። የገረሱን ቤት ትቶ የጎረቤቶቹን ሲወስድ አላየህም?»

«እነዚያ ተራ ሰዎች ናቸው። እኔ የሻለቃው ሰው ነኝ። የወዳጅ ቤት አይወሰድም።»

«የአባቴ ቤት ነው፤ ሌላ ምንም የለኝም። አታስወስድብኝ።»

«ቆሻሻውን ቤት ነገ በእሳት ያነዱታል። ያን ጊዜ ታመሰግኚኛለሽ!» አለና በሩን በላይዋ ዘጋው።

ከዚያ ያየሁትን ብናገር ማን ያምነኛል? «መጥረጊያ የሴት ነው» ሲል የኖረው ተሰማ ሱሪውን ሰብስቦ በጉልበቱ ዳኸ። ቢያንካን በእንዶድ አጠባት፤ አልበቃውም፣ ግራዋ ቀቅሎ በውሃው ደገማት። ከተማ ከቀረው የሻለቃው ሎሌ የለመነውን የቁንጫ ዱቄት ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ነሰነሰባት፤ ቀጥሎ በቦሰና ማበጠሪያ እያበጠረ የወጣውን ሁሉ በጥፍሩ ጨፈለቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» እያለ ነው እንግዲህ። የፍራሹን ጭድ ደጅ አውጥቶ አቃጠለ። የፈላ ውሃ በጣውላው ስንጥቅ ሁሉ ደፋ፤ ሲደርቅ በላዩ ነጭ ጋዝ ቀባ። ግድግዳውን ኖራ ለቀለቀ። በሩን ዘግቶ ወይራ ሲያጨስ እሱም አብሮ ታፍኖ ሊሞት ነበርና ገረሱ በመስኮት ጎትቶ አወጣው። ዝም ብሎ ቢተወው ኖሮ ስል ዛሬም ይቆጨኛል፤ ማርያም ይቅር ትበለኝ።

መፈተኛም ነበረው። ሻለቃው ትቶት የሄደውን ነጭ ካልሲ አጥልቆ ወለሉ ላይ ይመላለሳል፤ ቆም ይልና ጎንበስ ብሎ እግሩን ያያል። ካልሲው ላይ ጥቁር ነጥብ ከዘለለች እንደገና ውሃ፣ እንደገና ጋዝ። እውነት እንነጋገር ከተባለ እንደ እሱ አድርጎ ቁንጫ ያጠፋ ሰው አላየሁም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ ይኸኛው ደግሞ የሚስቱን ቤት አጠበ። በመጨረሻ ካልሲው ቀኑን ሙሉ ነጭ ሆኖ ዋለ፤ ተሰማም እንደ ሙሽራ ጎረምሳ ተንጎራደደ።

ሹሙ ሊመጣ በዋዜማው ቦሰና ዓይኗ አብጦ መጣች።

«እትዬ፣ አጎዛዎን ያበድሩኝ።»

አልጠየቅኋትም፤ ጠቅልዬ ሰጠኋት። በኩታዋ ሸፍና ወስዳ ሹሙ ይቀመጥበታል የተባለው ወንበር ሥር ወሸቀችው። እኔም እቤቴ ገብቼ «እመቤቴ፣ ቁንጫዎቹን አበርቺልን» ብዬ ተሳልኩ። እንዲህ ያለ ስለት ከዚያ በፊት ተስዬ አላውቅም።

ጠዋት ተሰማ ለመጨረሻ ጊዜ ካልሲውን አጥልቆ ሲመላለስ ነጥቧ ዘለለች። እንደ አዳኝ ውሻ ተንበርክኮ እያሸተተ ወንበሩ ሥር ደረሰና አጎዛውን ጎትቶ አወጣው። ጩኸቱ ጌጃ ሰፈር ድረስ ተሰምቷል። አጎዛዬን ከነነፍሳቱ በአጥሩ ላይ ወርውሮ ራሴ ላይ ጣለልኝ።

«ምቀኞች! ሹመቴን ልታስቀሩብኝ!»

ቦሰና ደጃፉ ላይ ቆማ ታየዋለች። ተሰማ የወንበሩን ሥፍራ ለውጦ፣ ወለሉን እንደገና በጋዝ ወልውሎ፣ ነጭ ለብሶ ጠበቀ።

ሹሙ መጀመሪያ ወደኔ ቤት ገባ። አልዋሽም፣ ትንሽ ፈርቼ ነበር፤ ግን ቁንጫዎቹ አላሳፈሩኝም። ዘይቱና ቤት ከደጃፉ አላለፈም። ገረሱን ገና ከሩቅ ሲያየው መንገድ ለወጠ። ተሰማ ጋ ሲደርስ ፊቱ ቀልቶ፣ እግሩን እያከከ፣ እየተሳደበ ነበር። በጥንቃቄ ገባ፤ ቆመና ጠበቀ። ምንም የለም። ካልሲውን ዝቅ አድርጎ አየ። ምንም የለም። ያን ጊዜ ተቀመጠ። ቢያንካ ጭኑ ላይ ወጣች፤ ጠጉሯን ፈልቅቆ አየና «ብራቮ!» አለ። ተሰማ በደስታ ሊቀልጥ ደረሰ። እኛ በመስኮቱ መስታወት በኩል ተደርድረን እናያለን።

ሹሙ ተነሥቶ ወለሉን በጫማው መታ መታ አደረገው፤ መስታወቱን በጣቱ አንኳኳ። ተኽላይ እየተከተለ ያስተረጉማል።

«ጣራው ያፈሳል ወይ ይላሉ።»

«ጠብ አይልም!»

«ለመኪናስ መግቢያ አለው ወይ?»

«ይገባል! ሁለትም ቢሆን ይገባል! አጥሩን አፈርሳለሁ!» አለ ተሰማ።

ተኽላይ ወደ ቦሰና ዞር ብሎ አያትና ዓይኑን ሰበረ። እሷ ገብቷታል። እኛ ሁላችንም ገብቶናል። ተሰማ ብቻ ሹሙን እስከ አውራ ጎዳናው ሸኝቶ እያፏጨ ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ ተኽላይ ካራቢኜሪ የሚባሉትን የጣሊያን ፖሊሶች አስከትሎ መጣና ሰፈሩን በተሰማ ደጅ ሰበሰበ። ተሰማን ከፊት አቁሞ፣ ባለ ሦስት ቀለም መታጠቂያ በትከሻው አጥልቆለት፣ ከዛሬ ጀምሮ የሰፈሩ ካፖ መሆኑን ነገረን። ገረሱ ከኋላ ሆኖ «ሹመት ያዳብር!» አለ። ተሰማ ቁልቁል እያየን እንደ ጣሊያኖቹ እጁን አነሣ። ከሰው ሁሉ ፊት የበለጠ የፈለግሁት የቦሰናን ፊት ማየት ነበር፤ እሷ ግን ወደ ጣራዋ ነበር የምታየው።

«ካፖው የመጀመሪያ ትእዛዝ አላቸው» አለ ተኽላይ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «በዚህ መንደር አዲስ ለሚመጣው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ቤተሰብ የሚስማማ ንጹሕ ቤት አንድ ብቻ ተገኝቷል። ዛሬውኑ ያስለቅቁ።»

ተሰማ መታጠቂያውን አስተካከለና ወደኛ ዞረ። «የማን ቤት ነው? አሁኑኑ አስለቅቃለሁ!»

ሁላችንም ተኽላይን አየን። ተኽላይ እንደገና እንዲናገር ሆነ።

«ይኸው ከኋላዎ ያለው ነው፣ አቶ ተሰማ።»

ተሰማ ዞሮ ቤቱን አየው፤ ሌላ ቤት ከኋላው ቢኖር ብሎ ነው መሰለኝ አሻግሮም አየ። ስለ ሚስቱ፣ ስለ ራሱ ይጠይቃል ስንል፣

«ቢያንካስ? የሻለቃው አደራ ናቸው እኮ» አለ።

«እሷ እዚሁ ትቀመጣለች። ንጹሕ ናት ተብሏል። እናንተ ወደ አገሬው ሰው ሰፈር።»

ሳቅ ያፈነን ሰዎች ነበርን፤ እኔ ራሴ ለዚያ ቀን ስንት ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። ቦሰና ስትራመድ ሳይ ግን ስድቤን ሁሉ ረሳሁት። መጥታ ባሏ ፊት ቆመች።

«በል፣ ካፖ፣ አስለቅቀኝ። ሰው ፊት ተናገረው።»

«ቦሰና፣ እኔ እኮ...»

«ተናገረው!»

ካራቢኜሪዎቹ ወደ ተሰማ ጠጋ አሉ። ተሰማ መሬት መሬቱን እያየ «ቤቱን ልቀቂ» አለ፤ ድምፁ አልወጣም፣ ተኽላይ አስደገመው። በሁለተኛው ሁላችንም ሰማነው።

እኔና ዘይቱና ገብተን አልጋዋን፣ እንስራዋን፣ የአባቷን ጋሻ አወጣን። ገረሱ ተሸከመላት። ጌጃ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ልትሄድ መንገድ ስትጀምር ተሰማ ጃንጥላውን ይዞ ሊከተላት ተነሣ። እሷ ዞራ እንኳ አላየችውም። ተኽላይ ግን ክንዱን ያዘው።

«ካፖ፣ ቁልፉን ሳይቀበሏቸው ወዴት?»

ተሰማ መታጠቂያው እየተወዛወዘ ሮጦ ደረሰባትና እጁን ዘረጋ። ቦሰና ቁልፉን ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ መዳፉ ላይ ጣለችና መንገዷን ቀጠለች። እሱም ተመልሶ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እያየው፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ቁልፉን በሁለት እጁ ለካራቢኜሪው አስረከበ።