እንቡጥ በያዘ ቅርንፉድ ሥር አይጮኽም

የጀልባዎቹ ከበሮ ከባሕሩ በኩል ሲሰማ እህቴ ማሲታ ምጥ ከያዛት ቆይቷል። ሆላንዶቹ ቅርንፉድ ሊቆርጡ መጡ ማለት ነው። እነሱ ከፈቀዱለት ደሴት በቀር በሌላ ምድር የበቀለ ቅርንፉድ ሁሉ እንዲጠፋ ፈርደዋል፤ ገበያቸው እንዳይረክስ። ሰው ላይ ቢሆን እንኳ አንድ ምስክር ይጠራ ነበር።

እኛ የሴራም ደሴት ሰዎች ልጅ ሲወለድ ቅርንፉድ እንተክላለን። ዛፉ ከወደቀ ባለቤቱ አይከርምም ይባላል። የእኔን አምና ቆረጡት፤ ይኸው አለሁ፣ ምላሴም አልደነዘዘም። ስለዚህ ሰው ፊት እስቅበታለሁ። የእናቴ ዛፍ በወደቀበት ወር ግን እናቴን ቀብረናል።

የማሲታ ዛፍ ከረግረጉ ወዲያ ተደብቋል። የታች ቅርንጫፎቹን መልምዬ፣ ግንዱን ሐረግ አልብሼ፣ ሥሩ ዱሪያን የሚባለውን እሾሃማ ፍሬ፣ የበሰበሰውን፣ ከምሬበታለሁ። ዱሪያን ሲበሰብስ ጠረኑ ሬሳ ያስንቃል፤ የቅርንፉዱን ሽታ ይውጥልኛል ብዬ ነው።

«ኑሪያ… ዛፌን…» አለች ማሲታ፣ የቤቱን ምሰሶ ጨብጣ።

«አንቺ ልጅሽን አምጪ፤ ዛፉን ለኔ ተይው።»

«ትሂድልሽ» አለች አዋላጇ ኢና ሱሊ። «እዚህ ቆማ ከምትለፈልፍብን እዚያው ትለፍልፍ።»

ሄድኩ። ቅርጫት ይዤ ዱሪያን የምለቅም መስዬ ተጎነበስኩ። ብዙም ሳይቆዩ መጡ፤ ቀይ ጢም ያለው አለቃ፣ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች፣ መጥረቢያ የተሸከሙ ቀዛፊዎች። መንገድ የሚመራቸው የማኒፓ ደሴቱ አጎቴ ላቱ ነው። የእሱ መንደርና የእኛ መንደር በደም የተማማሉ ናቸው። በግድ አስቀዝፈው አምጥተውታል። ይህን ዛፍ ደግሞ ያውቀዋል፤ ለእህቴ እየወጣ እንቡጡን ለቅሞላታል።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ አለቃው በኛው አፍ። በደሴቶቹ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ወጋችንን ያውቃል።

«ዱሪያን እለቅማለሁ።»

«የበሰበሰ?»

«ደህናውን እናንተ መች አስተረፋችሁልን?»

ላቱ ቶሎ ገባበት። «አይፍረዱባት ጌታዬ። የዚህች ልጅ ምላስ ባሕር ማዶ ይሰማል። ባል ያጣችውም በሱ ነው።»

«ባል ያጣሁት እንዳንተ ያለ ጥርሰ ወላቃ ብቻ እየጠየቀኝ ነው!»

ቀዛፊዎቹ ሳቁ። አለቃውም በመሐረብ አፍንጫውን እንደያዘ ፈገግ አለ፤ ሽታው አላስጠጋውም። እጁን ወደ ፊት አወዛወዘና ጉዞ ጀመሩ። ሊያልፉ ነው፣ አለፉ፣ ስል ላቱ ከዛፉ ሥር ደረሰ። እጁ ወደ ራሱ ሄደ፤ ሻሹን አወለቀ።

እንቡጥ የያዘ ቅርንፉድ እንደ ነፍሰ ጡር ነው። ራስን ሸፍኖ አይጠጉትም፣ አይጮኹበትም፣ እሳት አያሳዩትም፤ ደንግጦ እንቡጡን ያረግፋል። ላቱ አስቦ አላደረገውም፤ እጁ ከልጅነቱ የለመደውን አደረገ።

«ሻሽህን ለምን አወለቅህ?» አለ አለቃው። አሁን አይስቅም።

«ሞቆኝ ነው ጌታዬ።»

«ፀሐይ ላይ ያልሞቀህ ጥላ ሥር ሞቀህ? መልሰህ ጠምጥም። እዚያው ቁምና ጩኽ። አንቺም ራስሽን ሸፍኚና ከጎኑ ጩኺ። ቅርንፉድ ካልሆነ ምን ቸገራችሁ?»

ላቱ አየኝ። ማሲታ መውለጃዋ መሆኑን አያውቅም፤ ከፊቴ ግን አንድ ነገር ያነበበ መሰለኝ። ዝም ካልን መጥረቢያው ነው። ከጮኽን…

የትከሻዬን ጨርቅ ራሴ ላይ ጣልኩ። ጮኽኩ። ከጉሮሮዬ የወጣው የኔ ድምፅ አይመስልም፤ ጠዋት ከቤታችን ሲወጣ የነበረው የማሲታ ድምፅ ነበር። ላቱም እግሩ እንደተሰበረ ውሻ አላዘነ።

«ጨምሩ!»

ጨመርን። የሆነ ነገር ትከሻዬን ነካ አድርጎ ወደቀ። ቀጥሎ ሌላ። አንገቴን አልደፋሁም፤ ባይ እሱም ያያል። እግሬን ቀስ ብዬ አንሸራተትኩና ረገጥኩት። ትንሽ፣ ጠንካራ ነገር ተረከዜ ሥር ደቀቀ። ሽታው ወጣ ይሆን? ዱሪያኑ ዋጠው ይሆን? አለቃው ዛፉን አየ፣ እኛን አየ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አጥብቆ ያዘ።

«በቃ! በቃ! እናንተም አገራችሁም ትገማላችሁ» ብሎ ዞረ።

ላቱ ተከተላቸው። ዞሮ አላየኝም።

ሮጥኩ። ከቤታችን ድምፅ አይሰማም። መሰላሉን ወጣሁ። ማሲታ ተጋድማለች፤ ሕፃኗ ደረቷ ላይ ናት፣ ትንፈራገጣለች።

«ቆረጡት?»

«አልነኩትም።»

«ታዲያ ማን ነው የጮኸው? እስከዚህ ተሰማኝ እኮ።»

«ላቱ ነው፤ እባብ አይቶ።»

ፈገግ አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ኢና ሱሊ የተነከረውን ጨርቅ አንስታ ሌላ ተካች። እሱም ወዲያው ቀላ። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ደሙ አልቆም ብሏል» አለች በሹክሹክታ። «መቼ እንደጀመራት ልንገርሽ? ያ ጩኸት ሲሰማ።»

የእህቴን እጅ ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል። ትንፋሿ ሲወጣ እሰማዋለሁ፤ እስኪመለስ የእኔም ይቆማል።