የአቶ እንዳላማው ባዶ እግሮች

የአቶ እንዳላማው ሁለት እግሮች በጠዋት ከመኪና ወርደው የቆላውን የአቦ ገዳም መንገድ ያዙ። እሱ ራሱ አልወረደም። የኋላ ወንበር ላይ እንደተደላደለ ቀረ። ደም የለም፣ ሕመም የለም። ሱሪው ከጉልበቱ በታች ባዶውን ተንጠለጠለ፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ እንዳላማው ቡሬ ላይ በርበሬ ይነግዳል። ከዓመታት በፊት ልጁ የሻረግ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ስትውል፣ «አቦዬ፣ ልጄን አቁምልኝ እንጂ ከደጄ እስከ ደጅህ በባዶ እግሬ እመጣለሁ» ብሎ ተሳለ። ልጅቱ ቆመች። እሱስ? አንዱን ዓመት ገበያው ደርቷል አለ፣ ሌላውን ወገቤን አመመኝ አለ። አቦ የሱን ሱቅ መዘጋት ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ይመስል! ዘንድሮ የልጅቱ ጉልበት እንደገና ሲከዳትና ምርኩዝ ስትይዝ ነው ድንገት እግዚአብሔርን መፍራት የጀመረው። ፍርሃቱም ቢሆን ከመኪናው በር አላለፈም። ሹፌሩን ምናሉን አስነሣ፣ ልጁን ከጎኑ አስቀመጠ፣ ጫማና ካልሲውን አውልቆ ከወንበሩ ሥር ወተፈና «ይኸው፣ ባዶ እግሬን ነኝ» አለ። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው እንዲህ ነው።

ከከተማው ወጣ እንዳሉ ከብቶች መንገድ ዘጉባቸው። ምናሉ መኪናውን አቆመ። ይኼኔ የአቶ እንዳላማው ቀኝ እግር ተነሥቶ በአውራ ጣቱ የበሩን መክፈቻ ሳበ፤ ግራው ተከተለው።

«ምን ሊሆኑ ነው እነዚህ?» አለ አቶ እንዳላማው።

«ወደ አቦ የሚሄዱ ይመስላሉ፣ ጋሼ።»

«ጥራቸዋ!»

«ማን ብዬ ልጥራቸው?»

የሻረግ ምርኩዟን ይዛ ወረደች። «ብቻቸውንማ አይሄዱም» አለች።

«አንቺ! አባትሽ እዚህ ነው ያለው!»

የሻረግ ወደ መኪናው አየች፣ ወደ መንገዱም አየች። «ስለቱ ግን በዚያ በኩል ነው የሚሄደው» አለችና ተከተለቻቸው።

መንገዱ በተሳላሚ ሞልቷል። በሶውን በከረጢት፣ ውሃውን በቅል ያንጠለጠለ ሁሉ ወደ ቆላ ይወርዳል። ሁለት እግር ብቻውን ሲሄድ አይቶ የደነገጠ የለም። አንድ ሽማግሌ «በርቱ፣ አቦ ያድርሳችሁ» አሉና አለፉ። እግሮቹ የሻረግ ወደኋላ ስትቀር ቆም ይላሉ፣ ስትደርስ ይቀጥላሉ። ቡሬ ላይ አቶ እንዳላማው ልጁን ጠብቆ አያውቅም ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲሄድ እሱ ቅዳሴ ሲገባ እሷ ገና ገበያው መሐል ነች።

መኪናው ከኋላቸው ይንፏቀቃል። አቶ እንዳላማው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጮኻል። «እሾህ! እሾህ አለ በዚያ! የኔ እግር እኮ ነው፣ እናንተ!» ይበል እንጂ እሾሁ ሲወጋ እሱን አላመመውም። እሾሁን ጎንበስ ብላ የነቀለችው የሻረግ ናት።

ወንዙን ሲሻገሩ እግሮቹ ጉልበት አበጁ። መኪናው ውስጥ ሱሪው እስከ ጭን ሟሸሸ። አቀበቱ ላይ ወገብ መጣ፤ የሻረግ ነጠላዋን አገለደመችለት። ያ ስንት ዓመት «አመመኝ» ሲባልለት የኖረ ወገብ አንዴ እንኳ እህ ሳይል አቀበቱን ወጣው። ቀጥሎ ደረት መጣ፣ እጅ መጣ፤ እጆቹ የልጅቱን ጓዝ ተቀብለው ተሸከሙ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ውስጥ ከአቶ እንዳላማው የቀረው ከነባርኔጣው ጭንቅላቱ ብቻ ነበር። ምናሉ እንዳይንከባለል ብሎ በባዶ የቀረው የጌታው ኮት ደገፍ አደረገው።

«ደግፈኝ እንጂ አትዘንልኝ» አለ ጭንቅላቱ። «አፍ እስካለኝ ድረስ አዛዡ እኔ ነኝ።»

አይ አዛዥ! ማን ይታዘዘዋል? ምናሉ እንኳ ማዛጋት ጀምሯል።

አንድ ምንጭ ጋ ሲደርሱ የሻረግ ውሃ ጠጣችና ተነሥታ ሄደች። አቶ እንዳላማው «ምርኩዝሽ! ምርኩዝሽን ረሳሽ!» ብሎ ጮኸ። የሻረግ ዞር ብላ ምርኩዙን አየችው፣ ጉልበቷንም አየች። «ይቅር» አለች። ልጁ ያለ ምርኩዝ ስትሄድ አቶ እንዳላማው ደስ አለው። ደስታው ግን ወዲያው ወደ ንዴት ዞረ፤ ከጎኗ የሚሄደው እሱ አይደለማ።

ሲመሻሽ ከመንገዱ ዳር ካለ ግቢ ደረሱ። የሻረግ «ቤቶች! የአቦ መንገደኞች ነን» ብላ ተጣራች። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አትጠገብ ብቅ አሉ። በዚያ አገር የተሳላሚ እግር ያጠበ ከበረከቱ ይካፈላል፤ ስለዚህ ውሃው ሞቆ ይጠብቃል። ወይዘሮ አትጠገብ አንገት አልባውን መንገደኛ በርጩማ ላይ አስቀምጠው እግሩን በሳፋ አጠቡ፣ አሹ፣ ሳሙ። የልጅቱንም አጠቡ። ከዚያ ሳፋቸውን ይዘው ወደ መኪናው መጡ።

«ጌታው፣ እግርዎን ይስጡኝ።»

«እግር የለኝም።»

«እንግዳ ሳይታጠብ ቤቴ አያድርም። ያለዎትን ይስጡኝ።»

አቶ እንዳላማው ይኼ እንኳ ደስ አለው፤ በመጨረሻ የሚያከብረው ሰው ተገኘ። ባርኔጣውን አወለቁለትና ፊቱን አጠቡት። ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ አፉን፣ አገጩን ሳይቀር በደንብ አሹት። ሲጨርሱ ባርኔጣውን ወደ ቦታው መልሰው፣ ፊቱ የቀረበትን ውሃ እንደያዙ ወደ ቤት ገቡ።

ጥቂት ቆይቶ ከቤት ውስጥ የራሱን ድምፅ ሰማ።

«የሻረግ፣ ልጄ፣ ጉልበትሽ እንዴት ዋለ?»

ቀኑን ሙሉ አልጠየቃትም ነበር። ዓመቱን ሙሉም አልጠየቃትም ነበር። ለአቦ የተሳለው፣ ለጎረቤት ያወራው፣ ሐኪም ቤት ያስረዳው እሱ ነው፤ ልጅቱን ግን አልጠየቃትም።

«ደህና ዋለ፣ አባዬ» አለች የሻረግ። «አንተስ? እሾህ የወጋህ ቦታ አላመመህም?»

አቶ እንዳላማው «እኔ እኮ እዚህ ነኝ!» ሊል ፈለገ። እንደዚያን ቀን ፈርቶ አያውቅም። የሚልበት አፍ ግን አልነበረውም።

ሲነጋ አባትና ልጅ ወይዘሮ አትጠገብን አመስግነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ገዳሙ ወረዱ። ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ናቸው። አሁን ከነፊቱ የሆነው ሰውዬ በመኪናው አጠገብ ሲያልፍ ለምናሉ እንደ ማንም መንገደኛ እጅ ነሣ። ምናሉም መለሰ።

ምናሉ ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገና በመስታወቱ ወደኋላ አየ። ወንበሩ ላይ ሱሪ አለ፣ ኮት አለ፣ ከኮቱ ላይ ባርኔጣ አለ።

«ወደ አቦ ነው ወይስ ወደ ቤት፣ ጋሼ?» አለ።

ከወንበሩ ሥር ሁለቱ ጫማዎች ተነሥተው የመኪናውን በር ከውስጥ ማንኳኳት ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ አንዴ ቀኙ፣ አንዴ ግራው። ምናሉ በሩ መቆለፉን አየና ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ቡሬ ዞረ። ቡሬ እስኪደርስ ድረስ ማንኳኳታቸውን አላቆሙም።