ያለ ዜማ የቀሩ ቃላት

«እማዬ፣ ሰው ጥሎ ሲሄድ ዜማውንም ይዞት ይሄዳል?» አለችኝ ልጄ። የተዋንያኑን ሽርጦች እየሰፋሁ ነበር። «እስቲ መጀመሪያ እህል ቅመሺ» አልኳት።

ልጄ የመድኃኒት ቤት ሥራዋን ትታ ስለ ሆቴል ልብስ አጣቢዎች ሙዚቃዊ ቲያትር መጻፍ ጀመረች። «ሥራሽንስ?» ስላት፣ «አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ቃሌን ሰምቶ ወደ ቤቱ ቢገባ ይበቃኛል» አለችኝ። ግጥሙ የእሷ ነው፤ ዜማው የጓደኛዋ። የሚጫወተው አኮርዲዮን ከደረቱ ስለማይወርድ እሱንም አኮርዲዮን እንለዋለን። ልምምዱ ሁሉ ሳሎናችን ውስጥ ነበር። እሱ አንድ መስመር ይጫወታል፣ ተዋንያኑ ይቀበሉታል፣ እስኪዋሃዳቸው ይደጋግሙታል። ግጥሙን እንዲሁ ከዜማው ጋር ዋጡት እንጂ ማንም ለብቻው አንብቦ አላጠናውም። ሥራው የተፋጠነ መስሎን ደስ ብሎን ነበር።

የቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ልምምዱን ሊያይ መጣና፣ «ዘፈኖቹ ልብ ይሰርቃሉ፤ ታሪኩ ግን ተንዛዛብኝ» አለ። ከዚያ አኮርዲዮንን ለብቻው ቢሮው ጠራው። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የራሱን የሙዚቃ ዝግጅት እንዲያቀርብ ተስማሙ። ዋናዋ ዘፋኛችንም አብራው ሄደች።

አኮርዲዮኑን ሊወስድ ሲመጣ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ።»

«ግባ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያቆምሃል? ዕቃህ ያለው ውስጥ ነው።»

ልጄ ከጓዳ ወጣች። «ግጥሙን ማን ሊጽፍልህ ነው?»

«ሌላ ሰው አግኝተውልኛል።» አንገቱን አከከ። «ዜማዎቹን... ማለቴ፣ እናንተ ባትጠቀሙባቸው ነው የሚሻለው። ውል ፈርሜያለሁ።»

«ኧረ ውሰዳቸው! ግድግዳውንም ነቅለህ ውሰደው፤ እሱም ሰምቷቸዋል።»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። እሱ ከወጣ በኋላ ነው ልጄ ያንን ጥያቄ የጠየቀችኝ።

ልጄ የቲያትር ቤቱን ትንሽ አዳራሽ አልተከለከለችም ነበርና ዘፈኖቹ ያለ ዜማ፣ በከበሮ ብቻ ታጅበው እንዲነገሩ ወሰነች። የቀሩት ከበሮ መቺው፣ ሁለት ወጣት ተዋንያንና በዕድሜ እኩያዬ የሆነችው እቴቴ ነበሩ። እቴቴ ዕድሜዋን መድረክ ላይ የጨረሰች ሴት ናት። ግን አፏን ስትከፍት የሚወጣው ዜማው ነው። ወጣቶቹም እንደዚያው።

«አፌን ምን ላድርገው? ሳልጠራው ይመጣል!» አለች እቴቴ።

«እንግዲያው ይዝጉትና በዓይንዎ ይናገሩት» አለ ከበሮ መቺው።

«አንተ ደግሞ ከበሮህን ምታ! የማንን ዓይን ልታይ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ልጄ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዜማውን ሲተዉ ቃሉም አብሮ ይጠፋባቸው ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ አሁንም የጎልማሶች ትምህርት ላይ ነኝ። ጣቴን እያስከተልኩ፣ እየቆምኩ፣ እየተመለስኩ ነው የማነበው። ልጄ ጽሑፉን ሰጥታኝ መሃል ሳሎን አስቀመጠችኝ።

«አንቺ አንብቢ፤ እነሱ ይከተሉሻል።»

«ኧረ አዋርድሻለሁ!»

«እማዬ፣ እንደምታነቢው አንብቢው። በቃ።»

ጣቴን አስከትዬ ጀመርኩ። በእኔ ንባብ ላይ ዜማ ማስቀመጥ የሚችል አልተገኘም፤ ገና ሊጀምር ሲል እቆምበታለሁ። ቀስ በቀስ ቃሉ ከዜማው ተላቀቀ። አንድ ቀን ከሰዓት እቴቴ ቀና ብላ፣ «የሰውን ሁሉ እድፍ እናውቃለን፤ ፊታችንን ግን ማን ያውቀዋል?» ስትል ከበሮ መቺው መምታቱን አቆመ። ልጄ ምን እንደጻፈች የገባኝ ያኔ ነው።

ታዲያ የእነ አኮርዲዮን ዝግጅት ቀድሞን ተከፈተ። ዜማዎቹ በየታክሲው ይሰሙ ጀመር፤ የፍቅር ግጥም ተደርጎላቸዋል።

በእኛ ቀን ሰዉ ከጠበቅነው በላይ መጣ። እቴቴ ያንን መስመር ጀመረች። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ዜማውን አንጎራጎረች። በክፋት አይደለም፤ ከበሮው አስታውሷት ነው። ጎኗ ያሉት ተቀበሏት፣ ወዲያው አዳራሹ በሙሉ የታክሲውን ግጥም ይዘፍን ጀመር። እቴቴ አፏን ገጥማ ቆመች፤ ቆየችና ዜማው አሸነፋት፣ አብራቸው ዘፈነች። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊገነጥለው ደረሰ።

ከመጋረጃው ጀርባ ልጄን አቀፍኳት። «አጨበጨቡ እኮ፣ የኔ ልጅ!»

«ለማን?» አለችኝ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ በዜማዎቹ ላይ የተፈረመው ውል ተጥሷል ብሎ ቲያትሩን ከመድረክ አወረደው። እቴቴ ልጄ ጉልበት ላይ ልትወድቅ ስትል ልጄ ቀድማ ያዘቻት። «አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሳላስበው ስዘፍነው ነበር» አለቻት።

ከበሮ መቺው ወደ እነ አኮርዲዮን ሄደ፤ ወጣቶቹም ተከተሉት። ልጄ ሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ሥራ አግኝታ ሄደች። እቴቴና እኔ ከግጥሙ ጋር ሳሎናችን ውስጥ ቀረን።